የጥላዬ ሆድ

ኤልዳና ጠዋት ስትነቃ መቀነቷ እስኪሞቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ጣራ ጣራውን እያየች ትጋደማለች። ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚነሳው እንዲህ ነው። በመብራት የሚሠራው መቀነት ሲሞቅ ጎንን ጨመቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ወገብን ከፍራሹ ላይ ያነሳዋል፤ ሰውየውም ተቀምጦ ራሱን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ሥራ ማንም ልብ አይለውም። ዳገት ያስወጣል፣ ጫማ ለማሰር ያጎነብሳል፣ ያስላል፣ ያስቃል። ሕፃናት ስድስት ወር ሲሞላቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ይታጠቃሉ፤ ካርዳቸው ላይም ከክትባቱ መስመር በታች «ታጥቋል» የሚል ማኅተም ያርፋል። መብራት ከአንድ ቀን በላይ የጠፋ እንደሆነ የከተማው ሰው በየሱቁ በርና በየፌርማታው ግድግዳ ተደግፎ፣ እንደ ጆንያ ተደርድሮ ይቀመጣል። ማንም አያማርርም። መብራቱ ይመጣል፤ ሰዉም ይነሳል።

ባሏ ጥላዬ ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ መስኮቱን ከፍቶ ይጨርሳል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ያ አነሳሱ ኤልዳናን አልለመድ ብሏት ቀርቷል። እጁን የትም ሳያስደግፍ ጀርባው ከፍራሹ ብድግ ይላል፤ በቃ። አንዳንድ ቀን «እስቲ ድገመው» ትለዋለች፤ እሱም «ምን ሆነሻል? ሰርከስ መሰለሽ?» እያለ ተመልሶ ይተኛና ይደግምላታል።

ጥላዬ ደላንታ ገደል ሥር ኦፓል ሲቆፍር ያደገ ሰው ነው። ጉድጓዶቹ ጠባቦች ስለሆኑ መቀነት የታጠቀ ሰው አያስገቡም፤ ስለዚህ የዚያ አገር ቆፋሪዎች ሳይታጠቁ ቀሩ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ደሴ መጥቶ ድንጋይ ጠራቢ ሆነ። እሷን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ሲል ቤተሰቦቿ እንዳይስቁበት ብሎ አንድ ሳምንት ታጥቆ ነበር። «ሰው ከኋላዬ አቅፎኝ የሚሄድ መሰለኝ» አላት በስምንተኛው ቀን። «ልቀቀኝ ብለው አይለቀኝም።» አውልቆ ወረወረው፤ በዚያው ቀረ።

የኤልዳና ሥራ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ነው። የአስከሬን ማጥኛው ክፍል ኃላፊ ናት። ለትምህርት የተሰጠ አስከሬን ሲመጣ የምትቀበለው፣ መድኃኒቱን የምትሰጠው፣ ተማሪዎቹ የሚያዩትን የሰውነት ክፍል በቢላዋና በመቆንጠጫ ለይታ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ክንድ፣ ጭን፣ አንገት፣ ሁሉንም ስትገልጥ ኖራለች። ሆድ ላይ ስትደርስ ግን ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የምታሳየው ነገር አልነበራትም። መቀነቱ ሥራውን ሁሉ ስለወሰደበት፣ ከቆዳውና ከስቡ ሥር የምታገኘው የራሰ ሶፍት የመሰለ ነገር ነው፤ መቆንጠጫው ሲነካው ይቀደዳል። መጽሐፉ ሦስት ንብርብር ጡንቻ ይላል። እሷ አንዱንም ከሌላው መለየት አቃታት። በመጨረሻ የሆድ ግድግዳ ምዕራፉ ከፈተናው ወጣ፤ ነገሩም እዚያ ላይ አበቃ።

ጥላዬ ሳል የጀመረው በሃምሳ ዓመቱ ነው። የድንጋይ አቧራ ሳንባው ውስጥ ተቀምጧል አሉት። ሐኪሙ ፎቶውን ደጋግሞ አየና፣ «በዚህ ሳንባ እስካሁን መኖርዎ ይገርማል» አለ። «ሌላ ሰው ቢሆን አክታውን ማውጣት አይችልም። መቀነቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚያስለው። እርስዎ ግን…»

«እኔ ግን ጎረቤት እረብሻለሁ» አለ ጥላዬ።

እውነቱን ነው። ሲስል የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠርና ከውስጥ የሆነ ነገር ገፍቶ ያወጣል። እንዲያ እያለ ሁለት ዓመት ተኩል ኖረ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት በከተማው ብዙ ሕፃናት በጉንፋን ሞቱ። አዲስ በሽታ አልነበረም፤ ቀድሞ ሰው አልጋ ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ የሚነሳበት ዓይነት ነው። ሕፃናቱ ግን አክታቸውን ማውጣት አልቻሉም፤ ለሕፃን የሚሆን መቀነት ደግሞ ብርቱ ሳል አያስልም። ኮሌጁ ከዚህ በኋላ ስምንት ተማሪዎች መረጠ። ሥራቸው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ከመቀነት እያወጡ ሆዳቸውን እንዲያሠለጥኑ ማድረግ ነው። የሆድ ግድግዳ ምዕራፉም ወደ ፈተናው ተመለሰ፤ አስተማሪዋ ኤልዳና እንድትሆን ተወሰነ።

ማታ እራት ላይ ለጥላዬ ነገረችው።

«በምን ልታስተምሪያቸው ነው?» አላት።

«በሥዕል።»

«ከሥዕል የተማረ ጠራቢ አይቼ አላውቅም» አለ ጥላዬ። ቀጥሎም ጎርሶ አላመጠ፤ ውሃ ጠጣ፤ ከዚያ እንደ ተራ ነገር፣ «የእኔን ውሰጂው» አላት።

ያለው ስላልገባት «ምኑን?» አለችው።

«ሆዴን። ስሞት። ከዚህ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ኤልዳና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዝም በል። እንዲህ ያለ ነገር አትናገር።»

«እናወራለን እንጂ ለምን ዝም እላለሁ? ስንት አስከሬን አለፈ በእጅሽ? የሰው ባል አልነበሩም?»

«የእኔ አልነበሩም።»

ለአንድ ሳምንት አልተነጋገሩበትም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በረንዳው ላይ ጦሳ ተራራን እያዩ ተቀምጠው ሳለ፣ ጥላዬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ያላነሳውን ነገር አነሳ።

«ልጅቷ አሁን ብትኖር፣ ከእነዚያ ስምንቶቹ ጋር የምትማር ነበረች» አላት።

ኤልዳና ልጅቷን ስትወልድ ሠላሳ ዓመቷ ነበር ያኔ። ምጥ ሲበረታ መቀነቷን ፈቱላት። አዋላጇ «ግፊ» አለቻት፤ እሷም ለመግፋት ሞከረች። የምትገፋበት ነገር አልነበረም። እግሯ አለ፣ እጇ አለ፣ ፍላጎቱም አለ፤ መሃሏ ግን ባዶ ነበር። ለመውለጃ የሚያገለግለው መሣሪያ ሌላ ሴት ላይ ነበር፤ ቀዶ ጥገናውም ወረፋ ነበረው። ጥላዬ ከኋላዋ አልጋው ላይ ወጥቶ፣ በሁለት ክንዱ ሆዷን አቅፎ፣ አዋላጇ ስትል እየጠበቀ ገፋላት። ክንድ ግን የሆድን ሥራ አይሠራም። ልጅቷ ስትወጣ አላለቀሰችም። አዋላጇም ወጣት ነበረችና፣ «እኛ ሆድ እንዴት እንደሚገፋ ማን አስተማረን?» ብላ እሷው አለቀሰች።

«ያቺ አዋላጅ አንድ ጊዜ አይታ ቢሆን ኖሮ» አለ ጥላዬ። «አንድ ጊዜ ብቻ። እንዴት እንደተሠራ።» ሳሉ መጣበትና እስኪያልፍለት ጠበቀች። «እኔ ለልጄ የሰጠኋት ነገር የለም፣ ኤልዱ። ይኼን ልስጣት።»

ሰኞ ዕለት ኮሌጁ ሄደው ፈረሙ። እሱ አንድ ቦታ፣ እሷ አንድ ቦታ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሳሉ ቆመ። ኤልዳና ከወጥ ቤት ስትመጣ በረንዳው ላይ አንገቱን ወደ ተራራው አዘንብሎ አገኘችው።

ታላቅ እህቱ ደብሬ ከደላንታ በማግስቱ ደረሰች። እናታቸው ስትሞት ጥላዬ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሷም ጉድጓድ መውረድ ከተወች ወዲህ፣ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት ትታጠቃለች። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድር ሰው ተቀምጧል፣ አስከሬን ግን የለም። ለቅሶው ድምፅ አልነበረውም። የዚያ ዘመን ለቅሶ እንዲያ ነው፤ እንባ ይወርዳል፤ ሰውነት ሊርገፈገፍ ሲል መቀነቱ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ደብሬ ደረቷን ልትደቃ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለቱንም ጊዜ መቀነቱ አቃንቶ አስቀመጣት። ከዚያ ኤልዳናን ማየት ጀመረች።

ሰው ሲቀንስ ጠራቻት።

«የት ነው ያለው?»

«ኮሌጅ ነው፣ እትዬ።»

«መቼ ነው የሚቀበረው?»

ኤልዳና ሁሉንም ነገረቻት፤ የፈረመውን ወረቀትም አሳየቻት። ደብሬ ወረቀቱን አላየችውም።

«ወረቀት አላሳደገውም» አለች። «አንቺ እንቢ ካልሽ ይቀራል፤ ጠይቄ ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ነው የሚፈለግብሽ።»

«እሱ የፈለገው ይህን ነው።»

«እሱ አንቺ ደስ እንዲልሽ የማይለው ነገር ነበር?» ደብሬ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ሚስት ባሏን አጥባ፣ ገንዛ ትቀብራለች። ባሏን የምትበልት ሚስት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሆድሽ እንዴት ይችለዋል?»

 ደብሬ በማግስቱ ሳትሰናበታት ወደ ደላንታ ተመለሰች። የእድሩ ሰብሳቢም ድንኳኑን ሲያስነቅሉ እጇን አልጨበጡም።

አስከሬኑ መድኃኒት ውስጥ ሦስት ወር ቆየ። በእነዚያ ሦስት ወራት ኤልዳና ሁለት ጊዜ የኮሌጁ ኃላፊ ዶክተር ያፌት በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። በሦስተኛው ገባች።

«ሌላ ሰው ቢሠራው ይሻላል ብዬ ነበር» አለች።

«እኔም ልልሽ ነበር» አሉ ዶክተር ያፌት። «ችግሩ፣ ሌላ ሰው የለም። ንብርብሮቹን በእጁ ለይቶ የሚያውቅ ከአንቺ በቀር አላገኘሁም። አዲስ አበባም ጠይቄያለሁ። እኔ ራሴ ብሞክር አበላሸዋለሁ፤ አንድ ነው ያለን።»

«አውቃለሁ» አለች ኤልዳና። «እንዲያው ቢኖር ብዬ ነው።»

ሥራው አራት ቀን እንዲፈጅ ታሰበ። ስምንቱ ተማሪዎች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ጠረጴዛውን ከበቡ። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ እግሩ ላይ ቁጥር ተንጠልጥሏል። የማን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ኤልዳና የለመደችውን ጸሎት በልቧ አለች፤ ከዚያ ቢላዋውን ከደረት አጥንት ጫፍ አንስታ ወደ ታች፣ በእምብርቱ ጎን አሳልፋ ሳበችው። መቀነቱ ቀጥ አድርጎ ይዟታል።

የመጀመሪያው ቀን ቆዳውንና ስቡን በመግለጥ አለፈ። ስቡ ጥቂት ነበር። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ጡንቻ ታየ፤ ተማሪዎቹም ሳያስቡት ወደ ፊት ተጠጉ። ከጎድን አጥንቶቹ ተነስቶ ወደ ታችና ወደ መሃል የሚወርድ፣ ክር ክሩ የሚቆጠር፣ መልኩም የተቀቀለ ሥጋ የመሰለ ነው።

«ይህ ውጫዊው ሰያፍ ነው» አለች ኤልዳና። «እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ጣቶቻችሁ ያመለከቱበት አቅጣጫ የክሮቹ አቅጣጫ ነው።»

ስምንት እጆች ጋዋን ኪስ ውስጥ ገቡ።

እሱን ቆርጣ ስትገልጠው ሁለተኛው ወጣ፤ ክሮቹ የመጀመሪያውን አቋርጠው ወደ ላይ ይሄዳሉ። ኤልዳና ግራና ቀኙን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ መለኪያ አንስታ ለካች፤ ደግማም ለካች።

«ምን አገኙ?» አለቻት ኖላዊት የምትባል፣ ጥያቄ የማያልቅባት ተማሪ።

«የቀኙ ውጫዊ ከግራው ውጫዊ ይወፍራል። ውስጣዊው ደግሞ በተቃራኒው፣ የግራው ነው የሚወፍረው።»

«ለምን?»

«መዶሻ በቀኝ እጁ ነበር የሚይዘው። ሰው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ሲመታ እነዚህ ሁለቱ ናቸው አብረው የሚጎትቱት። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ።»

ኖላዊት በማስታወሻዋ ጻፈች፤ ከዚያ ቀና አለች። «መዶሻ እንደሚይዝ በምን አወቁ?»

«ያስታውቃል» አለች ኤልዳና።

በሦስተኛው ቀን ቀጥ ያለውን ጡንቻ ከሽፋኑ አወጣችው። ከደረት እስከ ብልት አጥንት በነጩ መስመር ግራና ቀኝ የሚወርድ፣ በሦስት ቦታ በጅማት የታሰረ ነው። ያ ነው ጥላዬን ማለዳ ማለዳ ከፍራሹ ብድግ ያደርገው የነበረው። ለተማሪዎቹ ግን «ይህ ሰውን ከተኛበት ያስነሳል» ብቻ አለቻቸው። አንዱ ተማሪ «ብቻውን?» አለና ሌሎቹ ሳቁ፤ በመቀነታቸው ልክ፣ አጭር አጭር ሳቅ። ኤልዳና የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ትምህርቱን አቆመች። ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ መቀነቷን ፈታች፤ ወለሉ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣጥፋ ወደቀች። ያለ መቀነት ባለቅስ ልቅሶው ይወጣልኛል ብላ ነበር። አልወጣም። እንባው ፈሰሰ፤ ልቅሶውን ከሥር የሚገፋው ግን አልነበረም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጇ ዳብሳ መቀነቱን አገኘችና ታጠቀች።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻው ንብርብር ላይ ደረሱ። አግዳሚው ነው፤ ክሮቹ ወገብን ዙሪያውን ያቅፋሉ። ነርቮቹ ከበላዩ እንደ ነጭ ፈትል ተዘርግተዋል።

«ይህ አይታይም፤ ጣት ጠልቆ ካልተጫነው ሲነካም አይታወቅም» አለች። «ሰው ሲያስል የሚሠራው ይህ ነው። ሴት ስትወልድ የሚገፋው፣ ሰው ሲያለቅስ የሚርገፈገፈው። መውለድ የተቸገረች ሴት ስታገኙ፣ እጃችሁ የሚፈልገው ይህን ነው።»

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ደብሬ ነበረች፤ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ከመንገድ የመጣ አቧራ ጫማዋ ላይ። ዘበኛው ከኋላዋ «እናቴ፣ ክልክል ነው እኮ» እያለ ይለምናል።

«ወንድሜን ላየው ነው የመጣሁት» አለች።

ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን አዩ፤ ከዚያ ኤልዳናን አዩ። ኖላዊት ማስታወሻዋን አጠፈችና፣ «ወይዘሮ ኤልዳና… ይህ የእርስዎ…?» ብላ ሳትጨርስ ቀረች። ኤልዳና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ ወጡ። ኖላዊት ስታልፍ ለደብሬ ጎንበስ አለችና ጉልበቷን ሳመች።

«እትዬ፣ ባያዩት ይሻላል» አለች ኤልዳና።

«አዝዬዋለሁ። ጀርባዬ ላይ ሸንቶብኛል። ምኑን ነው የማላየው?»

ኤልዳና ነጭ ጨርቅ አምጥታ ደረቱንና እግሩን ሸፈነች፤ የቀኝ ጎኑ ብቻ ቀረ። ደብሬ ቀረበች። ትሮጣለች ወይም ትረግማለች ብላ ኤልዳና ጠብቃ ነበር። ደብሬ ግን ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እንዲህ ነው የተሠራነው?» አለች።

«እንዲህ ነን።»

«አንዱ በአንዱ ላይ። እንደ ሽመና።» ጣቷን ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው። «ጉድጓድ ስንወርድ ገመዱን ወገቡ ላይ የማስርለት እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቱ ነው። ‹አጥብቂው፣ እህቴ› ይለኛል። ሆዱን ነፍቶ ያጠነክረዋል፤ ኋላ ሆዱን ሲያስገባው ገመዱ ይላላል፤ እሱ ሳቅ። ይኼን ነው የሚነፋው?»

«ይህንኑ ነው።»

«ልጆቹ ተማሩበት?»

«ተማሩበት። ከነገ ወዲያ ነፍሰ ጡሮች ጋር ይጀምራሉ።»

ደብሬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆየች። «ሲያልቅ ለእኔ ትሰጪኛለሽ። ደላንታ፣ እናቴ አጠገብ።»

«እሰጥዎታለሁ። እኔም እመጣለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።»

ደብሬ አጠገቡ ያለውን ባዶ ጠረጴዛ አየች፤ ዞረች፤ ጫማዋን አወለቀች።

«እኔም ውስጥ አለ ይኼ?» አለች።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መቀነቷን ዳበሰች።

«እይልኝ እስቲ። ከአንድ እናት ነን።»

ኤልዳና ደግፋ አስተኛቻት። የመቀነቱን ማያያዣ ፈታች፤ ሲለቅ የደብሬ ወገብ ወደ ብረቱ ሰመጠ። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ መዳፏን ከእምብርቷ በታች አሳረፈች። ቆዳው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር።

«አሁን ራስዎን ብቻ ቀና ያድርጉ። አገጭዎን ወደ ደረትዎ።»

ደብሬ ጥርሷን ነከሰች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ ፊቷ ቀላ፤ ራሷ ከጠረጴዛው አንድ ጣት ያህል ተነሳና ወደቀ። ኤልዳና መዳፏን ተጫነች፤ ወደ ጎን አዛወረችው፤ ጣቶቿን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሰደደች። ሃያ አምስት ዓመት የሠራችበት እጅ ነው፤ አይሳሳትም። ከሥሩ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«አለ?» አለች ደብሬ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«አለ፣ እትዬ» አለቻት ኤልዳና።

የደብሬ ፊት ፈታ አለ። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና፣ «እጅሽን አታንሺ፤ ደግሜ ልሞክር» አለች።